አናርኪስቶች፣ ተስፋና የስልካችን ጨለማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የአናርኪስቶች ጽሑፍ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚሁ ስለሆኑ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው አሰለፍኳቸው።

አናርኪዝም ማለት ረብሻ አይደል እንዴ? ጎማ ማቃጠል፣ ሱቅ መስበር?

አይደለም። ግን ስማቸው እንዲሁ አልጠፋም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቦምብ የወረወሩ፣ መሪ የገደሉ አናርኪስቶች ነበሩ። በዓድዋ ጦርነት ጊዜ የጣሊያን ንጉሥ የነበረውን ኡምቤርቶ ቀዳማዊን እ.ኤ.አ. በ1900 ተኩሶ የገደለው ጋኤታኖ ብሬሺ የሚባል አናርኪስት ነው። ጋዜጦች ያንን ያዙ፣ ሌላውን ተዉት።

ሐሳቡ ግን ሌላ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያዝ፣ እምቢ ሲሉት የሚያስር አካል ባይኖርም ሰዎች ተስማምተው ኑሯቸውን መምራት ይችላሉ ነው የሚሉት። ደንብ አይኑር አይሉም። ደንቡን የሚኖርበት ሰው ራሱ ያውጣው፣ ሲያስቸግረው ራሱ ይቀይረው ይላሉ። መቀበል አለመቀበል የእናንተ ፋንታ ነው፤ ከጎማው ጋር ግን አታገናኙት።

የጻፉት እነማን ናቸው? ከየትኛው ልጀምር?

ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ፒዮትር ክሮፖትኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ሞስኮ ውስጥ ከመሳፍንት ቤት ተወለደ፤ በወጣትነቱ ሳይቤሪያን እየዞረ መልክዓ ምድር ያጠና ነበር። በዚያ ሁሉ ብርድ እንስሳቱ እርስ በርስ ከመበላላት ይልቅ ተጠጋግተው ሲተርፉ ማየቱን ይናገራል። ከዚያ ተነስቶ ስለ መረዳዳት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ወጣ፤ ዛሬም ይነበባል። ኤማ ጎልድማን አለች፣ ከአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1919 የተባረረችው። ከኋለኞቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ኮሊን ዋርድ፣ ስለ ልጆች መጫወቻና ስለ ጓሮ አትክልት ሳይቀር የጻፈው፣ እና እ.ኤ.አ. በ2020 የሞተው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ግሬበር አሉ።

እኔ የምመክረው ከኤሪኮ ማላቴስታ መጀመር ነው። ጣሊያናዊ ነው፣ እጁ ላይ መካኒክነት ያለው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1897 መጻፍ የጀመራቸው ጭውውቶች አሉት፤ ቡና ቤት የተቀመጡ ሰዎች፣ ሀብታሙም ዳኛውም ተማሪውም፣ ይከራከራሉ። ጀበና ሥር የሚደረግ ክርክር ለለመደ ሰው ምንም አይከብድም። የእሱም የክሮፖትኪንም ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ።

አሜሪካዊውን የፖለቲካ ምሁር ጄምስ ስኮትን ደግሞ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ እጨምራለሁ። የለየለት አናርኪስት ነኝ ያለ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ የደርግን የመንደር ምሥረታ አንስቶ፣ ካርታ ላይ ያማረ መንደር ገበሬውን ምን እንዳደረገው ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣውን ሌላ መጽሐፍ የሚከፍተው የኢትዮጵያ ተረት ብሎ በጠቀሰው ነገር ነው፦ ትልቁ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ድምፅ ሳያሰማም ይፈሳል። የገበሬ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ተስፈኛ መሆን ማለት “ሁሉም ይስተካከላል” ብሎ ማመን ነው?

እንደዚያማ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ገና ድሮ ባበዱ። ክሮፖትኪን በሩሲያም በፈረንሳይም ታስሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሴንት ፒተርስበርግ እስረኛ ሆኖ ከተኛበት ሆስፒታል ሮጦ ነው ያመለጠው። ማላቴስታ በየአገሩ ሲታሰርና ሲሰደድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1932 ሮም ውስጥ ሞተ። ሲሞት የሙሶሊኒ ፖሊሶች ቤቱን ይጠብቁ ነበር። ያው ሙሶሊኒ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እኛ መጣ። ጎልድማን የሩሲያን አብዮት አምና ሄዳ፣ ያየችው አንገፍግፏት ወጥታ፣ ተስፋ ያስቆረጣትን ሁሉ በመጽሐፍ አውጥታ፣ ከዚያ ስልሳውን ዓመት አልፋ እንደገና ለሌላ አብዮት ስፔን ገባች። እነዚህ ሰዎች ክፉ ቀን አያውቁም የሚል ካለ ታሪካቸውን አላየም።

ተስፋቸው ትንቢት አልነበረም። ነገ ደግ ይሆናል ብለው አልማሉም። ያሉት፣ ሌላ ዓይነት አኗኗር ይቻላል፣ ማስረጃውም ዛሬ ሰፈራችሁ ውስጥ አለ፣ አይታችሁ ስለማታውቁት ነው እንጂ፣ ነው። “ይሄም ያልፋል” ብሎ ከመቀመጥ በጣም ይለያል። ይሄም ያልፋል የሚል ሰው እጁን አጣጥፎ ሊጠብቅ ይችላል።

ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ሁሉ ነገር ለምን እንዲህ ጨለመ?

አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ መጥፎ ወሬ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከመቶ ሺህ በላይ የርዕስ ዓይነቶችን መርምሮ፣ ርዕስ ላይ አንድ አሉታዊ ቃል በተጨመረ ቁጥር የሚከፍተው ሰው በ2.3 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አገኘ። ለማመን ጥናት ካላስፈለጋችሁ ዩቲዩብ ክፈቱ። ቀይ ፊደል፣ የእሳት ሥዕል፣ “ሰበር”፣ “ጉድ ፈላ”። ገብታችሁ ስታዩት የአምናው ቪዲዮ ነው።

ሌላው ምክንያት ግን ከእኛው ነው። ጨለምተኛ መሆን ብልህ ያስመስላል። “ምንም አይመጣም፣ አትድከሙ” ያለ ሰው ነገሩ ከከሸፈ “ብያችሁ ነበር” ይላል፤ ከተሳካም ማንም አይጠይቀው። “እንሞክር” ያለ ሰው ግን ሲሳሳት ስክሪንሾቱ ይወጣበታል። ደግሞ ጠዋት ቁርስ ሳንበላ የአሥር ቦታ መከራ እናውቃለን፤ ለአንዱም እጃችን አይደርስም። ማወቅ ብቻውን ያለ ሥራ ሲከማች ሰውን ያደክማል። አጉል እንዳልዋሽ ግን፣ ጨለማው ሁሉ የስልኩ ፈጠራ አይደለም። የምናየው ብዙው እውነት ነው።

ስልኬን ዘግቼ ብቀመጥስ?

ባሕር ዳር ይህንን ያለ ፈቃዷ ሞክራዋለች። በ2015 ዓ.ም ክረምት መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት ቆየ። እና ሰላም ወረደ? ወሬው በአፍ ሆነ እንጂ ጭንቀቱ አልቀነሰም። የጎንደሩ መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ዝግ የሚለውን ለማወቅ መናኸሪያ ወርዶ ሹፌር መጠየቅ፤ ሁለት ሹፌር ጠይቆ ሦስት መልስ ይዞ መመለስ። በቴሌግራም ዕቃ ሲሸጡ የነበሩ ልጆች ሥራቸው ቆመ። ውጭ አገር ያለ ወንድም በስልክ እየደወለ ሰማይ ተደፍቷል ሲል እዚህ ያለው ደግሞ ሰፈሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ዳታ መዝጋት ያድናል የሚሉትን አልሰማም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ያላችሁበትን ግሩፕ ሁሉ አንድ ነገር ጠይቁት፦ እዚህ ገብቼ ካየሁት ውስጥ በዚህ ሳምንት በእጄ የምሠራው ነገር አለ? የታመመ ጎረቤት መዋጮ የሚሰበሰብበት ግሩፕ ይቆይ። ከቀብር ፎቶ በቀር ምንም የማያመጣው ይውጣ። እኔ እንዲህ አድርጌ የቀሩልኝ በጣም ጥቂት ናቸው።

እድርና ደቦ አናርኪዝም ናቸው ማለት ነው?

ክሮፖትኪን እድርን ቢያይ ኖሮ አንድ ምዕራፍ ይጽፍለት ነበር ብዬ አምናለሁ። ለእንግሊዝ የነፍስ አድን ጀልባ ማኅበር እንኳን ቦታ የሰጠ ሰው ነው። እስቲ አስቡት። ሌሊት ሰው ይሞታል። ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ይዞራል። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ድንኳኑ ቆሟል፤ አግዳሚው ተደርድሯል፤ ትልልቁ ብረት ድስት ከእድሩ ዕቃ ቤት ወጥቶ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር ተመዝግቧል። ገንዘብ ያዡ ያቺን ጫፏ የተበላች ደብተር ይዞ ጥግ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ያዘዘ ሚኒስትር የለም። ወንፈሉም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን።

ግን ተረት አናድርገው። እድር ቅጣት አለው፤ ቀብር የቀረ ይከፍላል። ወርሃዊውን መክፈል ያቃተው ድሃ ይሰረዛል። ኮሚቴ ላይ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ጭስ ውስጥ የሚያድሩት ሴቶች። እና ማን ጎረቤት ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። በጣና ዳር ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ለዘመናት ከሰው ማዕድና ከሰው ማኅበር ተገልለው ኖረዋል። ተባብረን ሠራን ስንል ማንን አስቀርተን የሚለውን አብረን ካልጠየቅን፣ የአናርኪስቶቹን ጽሑፍ ግማሹን ብቻ ነው ያነበብነው።

ጣና አካባቢ ፖሊስ ሳይኖርበት የተጠበቀ የጋራ ሀብት አለ?

ዘጌን አስቡ። ከባሕር ዳር በጀልባ ትንሽ መንገድ ነው። ደኑ ውስጥ ቡና አለ፤ ጥላው እስካሁን ቆሟል፤ ዙሪያው ያለው አገር ግን ታርሶ አልቋል። የአገሬው ሰው የሚለው፣ አቡነ በትረ ማርያም እዚህ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ ቃል አስገብተዋል፣ ነው። ያንን ቃል ትውልድ ለትውልድ አቆይቶታል። ደን ጠባቂ ቢቀጠርለት ኖሮ እንዲህ ይቆይ ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ።

ይሁን እንጂ ዘጌን የአናርኪስት ገነት ብላችሁ እንዳትለጥፏት። ያቆማት የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ነው፤ እምቢ ያለ የሚፈራው ነገር ነበረው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ደግሞ ያንን ቡና ይለቅሙ ከነበሩት ውስጥ ባሮች ነበሩ። ዛፉ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ንጹሕ አይደለም።

አውራ አምባስ?

አውራ አምባ ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ያለች መንደር ናት። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም ገደማ ነው ከተከታዮቹ ጋር የጀመራት። ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ሽመናው ይታወቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። ራሳቸውን አናርኪስት ብለው አያውቁም፣ እኛም እንበላቸው ማለት ብልግና ነው። ጎረቤት አልወደዳቸውም፣ በደርግ ጊዜ ተሰደው ነበር፣ ተመለሱ። ሄዳችሁ እዩአቸው፤ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ።

የእምቦጩ ዘመቻ ይህን ሁሉ ተስፋ ገደል አልከተተውም?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ውሃ ውስጥ የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ነው የምመልሰው። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም ነው። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ለዚያም ነው ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን የዞረው። ደምቢያና ፎገራ ላይ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ፣ ያንን ጥቁር ጺም የመሰለ ሥር በሁለት እጁ አንቆ፣ ጭቃው እየጎተተው፣ እየነቀለ ወደ ዳር ይወረውራል። ከሩቅ አገር አውቶቡስ ተከራይቶ የመጣ ወጣት ነበር። ገንዘብ ተዋጣ። ማሽን መጣ፣ ማሽን ቆመ። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ደግሞ ያ የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። አረሙም ተመልሶ መጣ።

ለምን ተመለሰ? ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዘሩ ጭቃው ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ተኝቶ ሊነሳ ይችላል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የሚመቸው ደግሞ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው አፈር፣ ከከተማ የሚፈሰው ቆሻሻ ነው። ያንን ሳያቆሙ መንቀል ማለቂያ የለውም። መረዳዳት ብቻውን የማይፈታው ችግር አለ፤ ይሄኛው አንዱ ነው። የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ በደቦ አይሠራም።

እኔን ያበሳጨኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ተስፋውን በሰልፊ ቆጠርነው። ዘመቻው ሲሞቅ ፌስቡኩ ሁሉ ጣና ነበር፤ አረሙ ሲመለስ ፌስቡኩ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ፣ ዳር ላይ የሚኖረው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ግን የት ይሄዳል? እሱ ያለ ካሜራም እየነቀለ ቀጠለ፤ መረቡን የሚጥልበትን፣ ከብቱን የሚያጠጣበትን ቦታ ያጸዳል። አናርኪስቶቹ ቢኖሩ ኖሮ ይህን ነው የሚጠይቁት፦ ማሽኑ ሲገዛ፣ ቦታው ሲመረጥ፣ ያንን ሰው ማን አማከረው? ውሃው ጥልቀት በሌለው በየትኛው በኩል ማሽን እንደማይገባ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

የእኛ አብዮተኞች ለምን ይህን አላነበቡም?

የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ተማሪዎች ያነበቡት ማርክስንና ሌኒንን ነው፤ ኢሕአፓም መኢሶንም የተጣሉት እዚያው ቤት ውስጥ ሆነው ነው። ሩሲያዊው አናርኪስት ሚካኤል ባኩኒን ከማርክስ ጋር ተጣልቶ እ.ኤ.አ. በ1872 ኢንተርናሲዮናል ከሚባለው የሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተባረረ፤ በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ በሠራተኛው ስም ሥልጣን የሚይዙት ሰዎች አዲስ ገዢ ይሆናሉ ብሎ ጻፈ። ይህን አዲስ አበባ ላይ ያነሳው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ በ1967 ዓ.ም “ጊዜያዊ” ተብሎ የመጣው ወታደራዊ መንግሥት ለ13 ዓመት ጊዜያዊ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ ሚያዝያ 23 ነው። የሠራተኞች ቀን መነሻው የቺካጎ የስምንት ሰዓት ሥራ ትግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 በዚያ ጉዳይ የተሰቀሉት አራቱ ሰዎች አናርኪስቶች ነበሩ። ደርግ በየዓመቱ ሰልፍ ያስወጣን በነበረበት ቀን ማለት ነው።

መንግሥት ባይኖር ሆስፒታሉንና መብራቱን ማን ያሠራዋል?

መልሳቸው ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ በየቦታው ተደራጅተው፣ በፌዴሬሽን ተያይዘው፣ ነው። ምሳሌም ይጠቅሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ባርሴሎና ላይ ትራሙን ሠራተኞቹ ተረክበው አስኬደውታል። ግሬበርም ማዳጋስካር ገጠር ላይ መንግሥት በተግባር የሸሸበት አካባቢ ሰዎች ኑሯቸውን እንዴት እንደመሩ አይቶ ጽፏል።

እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳመኑኝም። የኩላሊት እጥበት ማሽን ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ስሙን የማውቀው፣ ልጠይቀው የምችለው ኃላፊ ቢኖር እመርጣለሁ። ግን ጽሑፋቸው አንድ ነገር አስለምዶኛል። ቢሮ ስሄድ “ይህን ለምን እኛ አንወስንም?” ብሎ መጠየቅ። የሰፈር ውሃ ቦኖ ሰዓቱን ለመቀየር እንኳን ደብዳቤ ሦስት ቦታ መዞር አለበት?

መንግሥት ሲላላ የሚመጣው ጠመንጃ ነው። በዚህ ጊዜ ተስፋ ማውራት የምቾት ወሬ አይሆንም?

ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሰው የጠፋበት፣ ወይ ከመንገድ የተመለሰ ነው። አናርኪስቶቹ ጠመንጃ የያዘው ሁሉ ትንሽ መንግሥት ነው፣ ግብር ያስከፍላል፣ ያስራል ይላሉ። ልክ ነው። ግን ጠመንጃ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ምን ይጠቅመዋል? እነሱም በጦርነት ጉዳይ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ክሮፖትኪን ከአንዱ ወገን ሲቆም ማላቴስታ ተቃወመው፤ የዕድሜ ልክ ወዳጅነታቸው በዚያ ተበላሸ። መረዳዳትን ያስተማረን ሰው ለጦርነት ድጋፍ ፈርሟል። ይህን ሳይደብቁ ማንበብ ይሻላል።

ስለዚህ ልጅ ለቀበረች እናት ስለ ተስፋ አይወራም። እሷ ዘንድ ሄዶ መቀመጥ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። እኔ ያየሁት ግን አለ። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት መድኃኒት ማን ቤት እንደተረፈ፣ ዱቄት ማን እንዳለው፣ የማን ነፍሰ ጡር ቀኗ እንደደረሰ የሚያውቁት የሰፈር ሴቶች ነበሩ። ዝርዝሩ ወረቀት ላይ አልነበረም። ያን ጊዜ ማንም ስለ ብሩህ ተስፋ አላወራም፤ “ነግ በኔ ነው” ይባልና ዱቄቱ ይሰፈር ነበር።

ሁሉን ነገር የሚያጨልም ጓደኛ አለኝ። ምን ልበለው?

አትከራከረው። ማስረጃ ከእሱ ጋር ነው፤ ስልኩ ውስጥ ሞልቷል። ማላቴስታንም አትላክለት፣ አያነበውም፤ ቢያነበውም ስህተቱን ነው የሚለቅመው። ይልቅ ሥራ ስጠው፤ ትንሽ፣ ቀን ያለው፣ እሱ ከቀረ የሚጎድል ሥራ። ቅዳሜ ሽንብጥ አካባቢ የምናጸዳው የጎርፍ ቦይ አለ፣ አካፋ አንድ ጎድሎናል በለው። ሲመጣም ያማርራል። “ይሄ ሐምሌ ሲመጣ ተመልሶ ይደፈናል” ይልሃል።

ይደፈናል። አካፋውን ግን አቀብለው።